ትምህርት በእጅ ሲዳሰስ

መምህሩ ወደ ክፍል ገብቶ የነገሥታትን ስምና የጦርነቶችን ዓመተ ምሕረት በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በተርታ ይጽፋል። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። የፈተናው ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድርና በማግሥቱ የሸመደደውን አንዲት ሳያጓድል ለመምህሩ ይመልስለታል። ወር ካለፈ በኋላ ግን ጦርነቱ ስለ ምን እንደ ተነሣ ቢጠይቁት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እንዲህ ያለው ትምህርት ከመምህሩ ደብተር ተነሥቶ በተማሪው ደብተር በኩል አልፎ ወደ ፈተናው ወረቀት የሚሄድ መንገደኛ ነው፤ በተማሪው ልብ ውስጥ ከአንዲት ሌሊት በላይ አያድርም።

ይህ ችግር የአንድ አገር ችግር አይደለም። ትምህርት ቤት ባለበት አገር ሁሉ አለ። ይልቁንም የኅብረተሰብ ትምህርት በሚባለው፣ ማለት በታሪክ፣ በጂኦግራፊ፣ በሥነ ዜጋና በመሳሰሉት ላይ ጎልቶ ይታያል። የኬሚስትሪ ተማሪ ቢያንስ አልፎ አልፎ አሲዱን ከጨው ጋር ቀላቅሎ ሲፈላ ያያል፤ የግብርና ተማሪ አፈሩን በእጁ ይዘግነዋል። የታሪክ ተማሪስ ምን ይዳስሳል? የሕገ መንግሥት ተማሪስ ምን ይሞክራል?

ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ የሰጡ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን አሉ። ዛሬ የሦስት ክፍሎችን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን። ሦስቱም በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የሚገኙ ናቸው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት መጣ?

የኅብረተሰብ ትምህርት የሚለው ስም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው በ1916 አንድ የመምህራን ኮሚቴ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ካወጣው ሪፖርት በኋላ ነው። የኮሚቴው አሳብ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ኤኮኖሚና የመንግሥት አስተዳደር ለየብቻቸው እንደ ደሴት ከሚቆሙ ይልቅ ተያይዘው መልካም ዜጋ ለማፍራት ይዋሉ የሚል ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በ1896 ጆን ዱዊ የተባለው ፈላስፋ በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያም ሕፃናቱ እየፈተሉና እየሸመኑ ስለ ጥጥና ስለ ሱፍ ታሪክ፣ ምግብ እያበሰሉ ስለ ቁጥርና ስለ ሚዛን ይማሩ ነበር። በ1918 ደግሞ የእርሱ ተከታይ የሆነው ዊልያም ኪልፓትሪክ ስለ ፕሮጀክት ዘዴ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉም ፍሬ ነገር፣ ተማሪ ዐላማውን የኔ ብሎ ተቀብሎ በሙሉ ልቡ የሚፈጽመው ሥራ ከሁሉ የበለጠ ያስተምረዋል የሚል ነው።

እንግዲህ ፕሮጀክት ሲባል ምን ማለት ነው? ካርቶን ቆርጦ ቤት መሥራት ብቻ ማለት አይደለም። እውነተኛ ፕሮጀክት ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ መልሱ በመማሪያው መጽሐፍ ጀርባ ተጽፎ የማይገኝ ጥያቄ አለው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ማስረጃ ይፈልጋል፤ መዝገብ ያገላብጣል፣ ያየ የሰማ ሰው ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ የደከመበት ሥራ በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፤ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ያየዋል፣ ይመረምረዋል፣ ይፈርድበታል።

በ1974 በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኙ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁራን፣ በፕሮፌሰር ዴቪድ ቫን ታሰል መሪነት፣ ይህን አሳብ ወደ ውድድር ለወጡት። የታሪክ ቀን ብለው የሰየሙት ይህ ውድድር በመጀመሪያው ዓመት 129 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ዛሬ በያመቱ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ይካፈሉበታል። ተማሪው በዓመቱ በተሰጠው ርእስ ሥር የሚወደውን ነገር መርጦ ይመረምራል፤ ውጤቱንም በድርሰት፣ በኤግዚቢሽን፣ በፊልም፣ በቴአትር ወይም በድረ ገጽ ያቀርባል። ቀጥሎ ከምንነግራችሁ ሦስት ታሪኮች ሁለቱ የተጀመሩት በዚህ ውድድር ምክንያት ነው።

ከካንሳስ እስከ ዋርሶ

ዩኒየንታውን በካንሳስ ግዛት የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ሦስት መቶ ያህል ብቻ የሆኑ የገበሬ መንደር ናት። በ1999 መጸው በዚያ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር የነበረው ኖርማን ኮናርድ ለጥቂት ሴቶች ተማሪዎች አንዲት የመጽሔት ቁራጭ ሰጣቸው። ቁራጯ ከ1994 የወጣች ስትሆን፣ ኢሬና ሴንድለር የምትባል ፖላንዳዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 2,500 የአይሁድ ሕፃናትን ከዋርሶ ጌቶ አውጥታ አዳነች ትላለች። መምህሩ ስለዚህች ሴት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የማተሚያ ቤት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ እስኪ እናንተ መርምሩት አላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስተውል። መምህሩ መልሱን አልሰጠም፤ መልሱን አያውቀውምና። ተማሪዎቹም መምህራቸው የማያውቀውን ነገር ሊያውቁ ተነሡ። በዚያ ትምህርት ቤት አንድም የአይሁድ ልጅ አልነበረም፤ ከልጆቹም መካከል ፖላንድን ያየ አልነበረም። ቢሆንም ደብዳቤ ጻፉ፤ መጻሕፍት አገላበጡ፤ ከጦርነቱ የተረፉ ሰዎችን ጠየቁ።

ያገኙት ታሪክ እንዲህ ነው። ናዚዎች በ1940 ከ400,000 በላይ የሚሆኑ አይሁዶችን በዋርሶ ከተማ አንድ ጠባብ ሠፈር ውስጥ በግንብ አጥረው ዘጉባቸው። በ1942 በጋ ደግሞ ከእነርሱ 250,000 የሚበልጡትን በባቡር እየጫኑ ወደ ትሬብሊንካ የሞት ሠፈር ወሰዱ። ኢሬና ሴንድለር የከተማው የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ነበረች። ተስቦ እንዳይዛመት ለመቆጣጠር በሚል የይለፍ ወረቀት ወደ ጌቶው እየገባች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሕፃናትን በአምቡላንስ፣ በከረጢትና በሣጥን እየደበቀች ታወጣ ነበር። ሕፃናቱ በክርስቲያን ቤቶችና በገዳማት በሐሰት ስም ሲያድጉ እውነተኛ ስማቸው እንዳይጠፋ በስስ ወረቀት ላይ ትጽፈው ነበር፤ ዝርዝሩም በጠርሙስ ተደርጎ በአንድ የፖም ዛፍ ሥር ተቀበረ። በጥቅምት 1943 ጌስታፖ የተባለው የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ይዞ አሠቃያት፤ ሞትም ተፈረደባት። ጓደኞቿ ለጠባቂዎች ጉቦ ሰጥተው አስመለጧት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን የኛን አነጋገር ይህች ሴት በሕይወቷ ተወራርዳ ፈጽማዋለች ለማለት እንደፍራለን።

ልጆቹ ይህን ታሪክ አጭር ቴአትር አድርገው አቀናበሩት፤ ስሙንም ሕይወት በጠርሙስ ውስጥ አሉት። ከዚያ በኋላ መቃብሯ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ፍለጋቸው ያመጣላቸው መልስ ግን ስለ መቃብር አልነበረም። ኢሬና ሴንድለር በሕይወት አለች፤ የምትኖረውም በዋርሶ ነው የሚል ነበር። ደብዳቤ ጻፉላት፤ እርሷም መለሰችላቸው። ቴአትሩን ያየ አንድ አይሁዳዊ የጉዞውን ገንዘብ አሰባስቦላቸው በግንቦት 2001 ወደ ዋርሶ ሄደው እጅ ለእጅ ተያዩ።

በእርግጥ በኢየሩሳሌም የሚገኘው ያድ ቫሼም የተባለው የመታሰቢያ ተቋም ኢሬናን በ1965 አክብሯት ነበር። በገዛ አገሯ ግን በኮሚዩኒስት ዘመን ስሟን የሚያነሣ አልነበረም። ከልጆቹ ጉዞ በኋላ ታሪኳ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተሰማ፤ በ2003 የፖላንድ መንግሥት ከፍተኛ የሆነውን የነጭ ንስር ኒሻን ሸለማት፤ በግንቦት 12 ቀን 2008 በ98 ዓመቷ ዐረፈች። የመንደር ልጆች የቤት ሥራ ባይሆን ኖሮ ያቺ አሮጊት በሕይወት ሳለች ምስጋናዋን ሳትሰማ ትቀር እንደ ነበር ማን ይጠራጠራል?

የታሪክ ምርመራ በዚህ አያበቃም። ከዚያ ወዲህ የጻፉ ተመራማሪዎች 2,500 የሚለው ቁጥር በትክክል ሊረጋገጥ የማይችል፣ ምናልባትም የበዛ መሆኑን አሳይተዋል። ኢሬናም ራሷ ሥራውን የሠራሁት ብቻዬን አይደለም እያለች የጓደኞቿን ስም ትጠራ ነበር። ይህ የልጆቹን ድካም ዋጋ አያሳጣውም። መምህሩ ገና ከመነሻው ቁጥሩን ተጠራጠሩ ብሎ ነበርና፤ ታሪክ ማለት ደጋግሞ መጠየቅ መሆኑን ይህ ራሱ ያስተምራል።

እውነትና ንጋት

ሁለተኛው ታሪክ በኢሊኖይ ግዛት በሊንከንሻየር ከተማ በሚገኘው አድላይ ስቲቨንሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጸመ ነው።

በሰኔ 21 ቀን 1964 ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽዌርነር የተባሉ ሦስት ወጣቶች፣ አንዱ ጥቁር ሁለቱ ነጮች፣ በሚሲሲፒ ግዛት ጥቁሮች በምርጫ እንዲመዘገቡ ሲሠሩ ኩ ክለክስ ክላን በተባለው ማኅበር ሰዎች ተገደሉ። ሬሳቸው የተገኘው ከስድስት ሳምንት በኋላ በአንድ የአፈር ግድብ ሥር ተቀብሮ ነው። በ1967 የፌዴራሉ መንግሥት 18 ሰዎችን ቢከስም ጥፋተኞች የተባሉት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ከስድስት ዓመት በላይ የታሰረ የለም። የግድያው አቀነባባሪ ነው የተባለው ኤድጋር ሬይ ኪለን ግን በነጻ ወጣ። ይህም የሆነው ከ12ቱ ዳኞች 11ዱ ጥፋተኛ ነው ሲሉ አንዷ ሰባኪን ልትፈርድበት ስለማትችል ነበር። የሚሲሲፒ ግዛት ራሷ በነፍስ ግድያ አንድም ሰው ሳትከስ አርባ ዓመት ዐለፈ።

በ2004 ለታሪክ ቀን ውድድር ሦስት ሴቶች ተማሪዎች ከመምህራቸው ከባሪ ብራድፎርድ ጋር ስለዚህ ግድያ የዐሥር ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ተነሡ። ነገሩን ሲጀምሩ እንደ ማንኛውም የትምህርት ቤት ሥራ ነበር። ሆኖም የፍርድ ቤቱን መዝገብ ባነበቡ ቁጥር፣ የሟቾቹን ቤተሰቦች ባነጋገሩ ቁጥር፣ ታሪክ ነው ያሉት ነገር ገና ያልተዘጋ መዝገብ መሆኑን ተረዱ። ኪለንንም በስልክ ለማነጋገር ቻሉ። ከፊልሙም አልፈው መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ለእንደራሴዎች አመለከቱ።

በጥር 2005 ኪለን ተያዘ። በሰኔ 21 ቀን 2005፣ ግድያው ከተፈጸመ ልክ በ41 ዓመቱ፣ በሦስቱም ወጣቶች ሞት ጥፋተኛ ተባለ፤ ከዚያም በኋላ 60 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2018ም በወኅኒ ቤት ሞተ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።

ዳሩ ግን እውነቱን ሳናጋንን መናገር ይገባናል። ኪለንን ለፍርድ ያቀረቡት ሦስት ተማሪዎች ብቻቸውን አይደሉም። የሟቾቹ ቤተሰቦች አርባ ዓመት ሙሉ ጮኸዋል፤ ጄሪ ሚቸል የተባለው የሚሲሲፒ ጋዜጠኛ ለብዙ ዓመታት ማስረጃ ሲያሰባስብ ኖሯል፤ ግድያው የተፈጸመበት አካባቢ ነዋሪዎች ጥቁርም ነጭም አንድ ላይ ሆነው ፍትሕ ይሰጥ ብለው ጠይቀዋል። ተማሪዎቹ በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ክር ናቸው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እያንዳንዷ ክር አትናቅም ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን እነዚያ ልጆች ያገኙት ትምህርት ነው፤ ይኸውም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አለመርሳቱን፣ ፍርድ ቢዘገይም ጠያቂ እስካለው ድረስ አለመሞቱን ነው።

ከክፍል ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት

ሦስተኛው ታሪክ ስለ መንግሥት አስተዳደር ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ትምህርት ሕግ የሚረቀቅበትን መንገድ በሥዕል ከማሳየት አያልፍም፤ ረቂቁ ከዚህ ምክር ቤት ወደዚያ ምክር ቤት፣ ከዚያም ለፊርማ ይሄዳል ይባላል፤ ተማሪውም ቀስቶቹን አስተካክሎ ከሣለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በኒው ጀርዚ ግዛት የሃይትስታውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ስቱዋርት ዌክስለርና ተማሪዎቹ ግን ቀስቶቹን በእግራቸው ሄዱባቸው።

ተማሪዎቹ በመብት ትግሉ ዘመን በጥቁሮች ላይ ተፈጽመው ገዳዩ ሳይታወቅ ስለ ቀሩ ወንጀሎች ሊያጠኑ ፈልገው የመንግሥትን ሰነዶች ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ወይ ጠብቁ የሚል ነበር፤ ወይም መሥመሮቹ በጥቁር ቀለም የተደለዙ ወረቀቶች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሌላ ክፍል ቢሆን ርእሱን ይለውጥ ነበር። እነርሱ ግን በ2015 እንግዲያው ሕጉ ራሱ ይለወጥ ብለው ረቂቅ መጻፍ ጀመሩ። ስለ ፕሬዚዳንት ኬነዲ ግድያ ሰነዶች በ1992 የወጣውን ሕግ እንደ ምሳሌ ወስደው፣ ከ1940 እስከ 1979 የተፈጸሙትንና መፍትሔ ያላገኙትን የዚህ ዐይነት ወንጀሎች ሰነዶች በብሔራዊ መዝገብ ቤት ሰብስቦ ለሕዝብ የሚከፍት፣ ይህንንም የሚመረምር ባለ አምስት አባል ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አዘጋጁ።

ከዚህ በኋላ ደጅ መጥናት መጣ። ስልክ ደወሉ፤ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወደ ዋሽንግተን እየሄዱ ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የኢሊኖዩ ቦቢ ረሽ ረቂቁን ተቀበላቸው። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ የአላባማው ዳግ ጆንስ አቀረበላቸው። ይህ ሰው በ1963 በበርሚንግሃም ከተማ አራት ልጃገረዶች የሞቱበትን የቤተ ክርስቲያን ፍንዳታ ወንጀለኞች ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በዐቃቤ ሕግነት ያስፈረደ ስለ ነበር የተዘጋ መዝገብ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከተቃራኒው ፓርቲ የቴክሳሱ ቴድ ክሩዝ አብሮት ቆመ። ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ በጥር 8 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ፈረሙበት። የቦርዱንም አባላት ሹመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ2022 አጸደቀ።

ሥራው አራት ዓመት ያህል ስለ ፈጀ ረቂቁን የጀመሩት ልጆች ፊርማው ሲፈረም ተመርቀው ሄደው ነበር። የጀመሩት ለተከታዮቻቸው፣ ተከታዮቻቸውም ለሌሎች እያስረከቡ ነው ከዳር ያደረሱት። የዜግነት ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምን አለው? አንድ ሰው ፍሬውን ራሱ የማይለቅመውን ዛፍ መትከልን በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከተማረ፣ ስለ መንግሥት ሥራ የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው።

የሚቃወሙስ ምን ይላሉ?

ይህን የማስተማር ዘዴ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፌታቸውም ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው ነቀፌታ ጊዜ ይበላል የሚል ነው። ልጆቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ዓመት ሲፈጁ የቀረው የትምህርት ክፍል ምን ይሁን? ፈተናውንስ እንዴት ይለፉ? በእርግጥ ፈተና የማይፈራ ተማሪ የለም። ለዚህ በ2021 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ መልስ ሰጥተዋል። በአምስት የትምህርት አውራጃዎች የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ከፊሎቹ ስለ መንግሥት አስተዳደርና ስለ አካባቢ ሳይንስ በፕሮጀክት እንዲማሩ፣ ከፊሎቹ እንደ ልማዱ እንዲማሩ አደረጉ። በፕሮጀክት የተማሩት ክፍሎች የብሔራዊውን ፈተና በማለፍ ረገድ ከሌሎቹ በመቶ 8 ነጥብ በለጡ፤ የድኻ ቤተሰብ ልጆችም እንደ ሌሎቹ ተጠቀሙ። በእነዚያ ክፍሎች ተማሪው እንደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተቀምጦ ይፈርድ፣ እንደ ምርጫ ተወዳዳሪ ቆሞ ይከራከር ነበር። እንግዲህ እጅ ሲሠራ አእምሮ ሥራ አይፈታም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ የጠነከረ ይመስለናል። ፕሮጀክት በሚል ስም ብዙ ከንቱ ሥራ ይሠራል። ተማሪው የፒራሚድ ቅርጽ በጭቃ ሲያድቦለቡል፣ ካርታ በቀለም ሲቀባ ወር ይፈጅና ስለ ግብፅ መንግሥት አንዲት ነገር ሳያውቅ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜም ሥራውን የሚሠሩት አባትና እናት ናቸው፤ ወይም በአምስት ተማሪዎች ቡድን ውስጥ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ጥያቄ ከሌለው ሥራ ነው። ከላይ ባየናቸው ሦስት ክፍሎች ሁሉ ሥራውን ወደ ፊት የገፋው ሙጫና መቀስ አልነበረም። ይህ ቁጥር እውነት ነውን? ይህ ሰው ስለ ምን አልተቀጣም? ይህ ወረቀት ስለ ምን ተደለዘ? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ሦስተኛው፣ ይህ ዘዴ መምህሩን ሥራ ፈት ያደርገዋል የሚሉ አሉ። እኛ ግን የምናየው ተቃራኒውን ነው። የተጻፈ ደብተር ማስገልበጥ ቀላል ነው። ተማሪው የተሳሳተ ምንጭ ሲከተል መመለስ፣ ሲሰለች ማበርታት፣ ከአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ ሲፈርድ ሌላውንም ስማ ማለት፣ ያዘነ ሰው ለመጠየቅ ሲሄድ በምን ዐይነት ትሕትና እንደሚጠይቅ ማስተማር ግን የበሰለ መምህር ይጠይቃል። አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገው ለማለት የሚደፍር መምህርም ያስፈልጋል።

የኛስ ድርሻ?

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አስተውለን ካየነው ግን የዩኒየንታውን ልጆች መነሻ አንዲት የመጽሔት ቁራጭ ናት። የሃይትስታውን ልጆች መሣሪያም ወረቀት፣ ስልክና ትዕግሥት ነው።

ለኛም ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። አገር ከመጽሐፍ ውጭ እንደሚነበብ ያ ትውልድ በእግሩ ሄዶ ተረድቷል። የዛሬው የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ሩቅ መሄድ እንኳ አያስፈልገውም። የሠፈሩ ድልድይ መቼና በማን ተሠራ? ዕድሩ ሲመሠረት ስንት አባል ነበረው፣ ደንቡስ ስለ ምን ተለወጠ? ወንዙ ከሠላሳ ዓመት በፊት እስከ የት ይሞላ ነበር? ገበያው ከቅዳሜ ወደ ሌላ ቀን የዞረው በምን ምክንያት ነው? የእነዚህ መልስ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የለም፤ በአረጋውያን አፍ፣ በዕድር መዝገብና በቀበሌ ሣጥን ውስጥ ግን አለ። አረጋዊው ሲያልፍ መልሱም አብሮት ያልፋል።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምንለው ይህን ነው። መምህራችሁ የቤት ሥራ ሲሰጣችሁ ከመጽሐፉ ገልብጣችሁ ገጽ አትሙሉ። አንድ ትንሽ ጥያቄ ያዙ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከተሉት። የሰማችሁትን ከሁለተኛ ሰው አመሳክሩ። የነገራችሁን ሰው ስምና ቀን ጻፉ። ያገኛችሁት መልስ የጠበቃችሁት ባይሆንም እንዳለ አቅርቡት።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የምንለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ ከተማሪውና ከመምህሩ ሌላ አንድ ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ። እርሱም መዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ነው። አንዱ መዝገቡን አውጥቶ ሰጠ፤ ሌላው መሥመሩን ደልዞ ላከ። የአንዲት ልጅ ትምህርት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊቀና ወይም ሊሰናከል ይችላል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ደብተር የያዘ ዐፍላ ልጅ ወደ ቢሯችሁ መጥቶ፣ ጌታዬ፣ የወረዳችን ትምህርት ቤት የተከፈተበትን ዓመት መዝገብ ማየት እችላለሁ? ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ማን ላከህ፣ ለምን ፈለግኸው፣ ነገ ተመለስ አትበሉት። ወንበር ስጡት፤ ሊገለጥ የሚገባውን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዳችሁ አቧራውን አራግፉለትና በፊቱ ዘርጉለት።